ፍየል ያገኘችውን ሁሉ ትበላለች ያለው ማነው?

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የሚነገረው ገና ቦታ ሳይዝ ለሚቸኩል ሰው እንደሆነ የታወቀ ነው። እኔ ግን የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ ከሆንኩ ወዲህ የምሰማው በሌላ ጆሮ ነው። አባቶቻችን ሰውን ሊተቹ ብለው ስለ ፍየል አንድ ትልቅ እውነት ተናግረው አልፈዋል። ፍየል እንደደረሰች የምትፈልገው ቅጠል ነው። ሣር አላሉም፤ ገለባም አላሉም፤ ፉርሽካማ ጭራሽ አላሉም። ቅጠል ነው ያሉት።

ይሁንና ከዚሁ ጎን ሌላ አባባል አለን። ፍየል በመኖ አትቸገርም፣ ያገኘችውን ሁሉ ትበላለች እንላለን። ይህን የሚለው ገበሬው ብቻ አይደለም። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን እኛው የትምህርት ክፍሉ ተማሪዎችም እንለዋለን። በእኔ እምነት ይህ አባባል ቀልድ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ የብዙ ፍየሎችን ሆድ፣ የብዙ ሰዎችንም ኪስ እየጎዳ ነው። ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ሐሳብ አንድ ነው። ፍየልን ከቁጥቋጦው ካስወጣናት፣ ቁጥቋጦውን እቤቷ ድረስ ማምጣት የእኛ ዕዳ ነው። ያንን ዕዳ በእህልና በፉርሽካ ብቻ መክፈል አይቻልም። እንዲያውም ሲበዛ ይገድላታል።

ፍየል መራጭ ናት

እስቲ አንድ ቀን ፍየል ተከትላችሁ ዋሉ። ላም ምላሷን ጠቅልላ ሣሩን በጅምላ ታጭዳለች። በግ አንገቱን ደፍቶ ከመሬት ሥር ሥሩን ይግጣል። ፍየል ግን ቀና ብላ ነው የምትበላው። የላይኛው ከንፈሯ እንደ ጣት ይንቀሳቀሳል። በእሾህ መሐል ገብታ የግራሩን ቅጠል አንድ በአንድ ትለቅማለች፤ ካልደረሰችበትም በኋላ እግሮቿ ቆማ ቅርንጫፉን ታወርዳለች። ከቀጋው ጥቂት፣ ከአጋሙ ጥቂት፣ ከወይራው ጫፍ ጫፉን፣ ከቁርቁራው ደግሞ ፍሬውን። አንድ ቁጥቋጦ ላይ ብዙ አትቆይም።

ይህ ቅብጠት አይደለም። ብዙ ዛፎች ቅጠላቸውን የሚከላከሉበት ታኒን የሚባል አፍን የሚያኮማትር ነገር አላቸው። ፍየል ከብዙ ዓይነት ጥቂት ጥቂት ስትቀምስ የአንዱ ጉዳት ሳይበዛባት የሁሉንም ጥቅም ታገኛለች። በዚያ ላይ ታኒንን ከበግና ከላም በተሻለ ትችላለች። ሌላም ጥቅም አለው። የጨጓራ ትል እጮች የሚገኙት በአብዛኛው መሬት አጠገብ ባለው አጭርና እርጥብ ሣር ላይ ነው። ፍየል ቀና ብላ ስትበላ ከትሉ ትርቃለች። ለዚህም ይመስላል ሰውነቷ እንደ በግ ትልን መቋቋምን ያልለመደው። በግድ ሣር እንድትግጥ ስናደርጋት ቶሎ በትል የምትጠቃው ለዚህ ነው።

ሁሉን ትበላለች የሚል ሰው ካለ ባሕር ዛፍ ሥር አስሮ ይያት። ወይም የተረገጠና ሽንት የነካው ድርቆሽ ያቅርብላት። አሽትታ ፊቷን ታዞራለች። በግ የሚበላውን እሷ ትጸየፋለች።

«ታዲያ ከተማ ውስጥ ካርቶንና ፌስታል ስትበላ የምናያትስ?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የከተማዋ ፍየል ፌስታል የምትበላው ስለምትወደው ሳይሆን ቅጠል ስላጣች ነው፤ ፌስታሉ ላይ የተረፈው የምግብና የጨው ሽታም ይስባታል። ፌስታል ደግሞ ሆድ ውስጥ አይፈጭም። ከዓመት ዓመት እየተጠቀለለ ይከማችና ሆዷ የሞላ እየመሰላት በረሃብ ትከሳለች። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ማጽደቁ ለከተማዋ ፍየልም መልካም ዜና ነው። የቆየው ፌስታል ግን በቦዩና በቆሻሻ ክምሩ ውስጥ አለ።

ሆዷ ውስጥ ያለው ሰፈር

ክፍል ውስጥ ከተማርነው ሁሉ ከአእምሮዬ የማይጠፋው ይህ ነው፦ የሚያመሰኳ እንስሳ ስናበላ መጀመሪያ የምናበላው እንስሳውን አይደለም። ሩመን በሚባለው ትልቁ የጨጓራ ክፍል ውስጥ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች፣ ፕሮቶዞዋዎችና ፈንገሶች ነው የምናበላው። የቅጠሉንና የገለባውን አሰር የሚያፈርሱት እነሱ ናቸው። እነሱ ሲያፈርሱት የሚወጣው አሲድ ለፍየሏ ጉልበት ይሆናታል፤ እነሱ ራሳቸው ደግሞ ወደ ታች ወርደው ሲፈጩ ፕሮቲን ይሆኗታል። ፍየል ማለት በአራት እግር የምትሄድ የእርሾ ማድጋ ናት ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ይህ ሰፈር ሰላም የሚሆነው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ማመስኳት ነው። ፍየሏ የዋጠችውን መልሳ ስታኝክ ብዙ ምራቅ ታመነጫለች፤ ምራቋ ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት ደግሞ አሲዱን ያበርደዋል። የሚታኘክ ቅጠልና ድርቆሽ ከሌለ ግን ምራቁም የለም። ሁለተኛው ድንገተኛ ለውጥ አለመኖሩ ነው። ቅጠል ስትበላ የኖረችን ፍየል አንድ ቀን ድንገት በቆሎ ብትጠግብ፣ እህሉ በፍጥነት ይፈላና አሲዱ ይበዛል፤ አሰር የሚያፈርሱት ነዋሪዎች ይሞታሉ፤ ውኃ ከሰውነቷ ወደ ሆዷ ይሳባል። ሆዷ ይነፋል፣ ያስቀምጣታል፣ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥም ልትሞት ትችላለች። ጆንያ ቀዳ የገባች ፍየል ማታ ጠግባ አድራ ጠዋት ሞታ የምትገኘው ምሥጢሩ ይኸው ነው። ከዚህም ሌላ አንጀት ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ክሎስትሪዲየም የሚባል ባክቴሪያ እንዲህ ያለውን የእህል ጥጋብ ሲያገኝ ተራብቶ መርዝ ይረጫል። ለዚህኛው ክትባት አለው።

የሰፈሩ ነዋሪዎች ምን ያህል ወሳኝ እንደሆኑ የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልጨምር። ሉኪንያ የሚባለው የመኖ ዛፍ በፕሮቲን የበለጸገ ነው። ነገር ግን ሚሞሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ ሲበዛ ጸጉር ያረግፋል፣ እንቅርትም ያመጣል። በአውስትራሊያ ከብቶች በዚህ ሲቸገሩ በሃዋይ ያሉ ፍየሎች ግን ያንኑ ዛፍ እየበሉ ምንም አይሆኑም ነበር። ሬይመንድ ጆንስ የተባለ የአውስትራሊያ ተመራማሪ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የሃዋይ ፍየሎችን የሩመን ባክቴሪያ ወደ አገሩ እንስሳት አዛወረ። የአውስትራሊያዎቹም ከዚያ ወዲያ ሉኪንያን ያለችግር በሉ። ባክቴሪያው በኋላ ሲነርጂስቴስ ጆንሲ የሚል ስም ተሰጠው፤ ስሙ የተመራማሪው ነው። ስለዚህ «ይህች ፍየል ይህን ትበላለች ወይ?» ከማለታችን በፊት «ሆዷ ውስጥ ያሉት ለምደውታል ወይ?» ማለት አለብን።

ከቁጥቋጦ ወደ ጓሮ

ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ቆጠራ መሠረት አገራችን ከ50 ሚሊዮን በላይ ፍየሎች ነበሯት። የአፋር፣ የሶማሌና የቦረና ፍየሎች አብዛኞቹ ዛሬም ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ እየዞሩ ይውላሉ። የደጋውና የወይና ደጋው ፍየል ኑሮ ግን ተቀይሯል። እኔ ያደግኩት ደቡብ ወሎ ነው። ልጅ ሳለን ፍየል የምንጠብቅባቸው ተራሮች ዛሬ ተከልለዋል። ልቅ ግጦሽ ቆሟል። ለዚህ ቅሬታ የለኝም። የተራቆተው ተራራ አረንጓዴ ለብሷል፤ ጎርፉ ቀንሷል፤ ደርቆ የነበረ ምንጭም ሲመለስ አይቻለሁ። ከከለላው ውጭ ያለው ኮረብታ ደግሞ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው።

ታዲያ ፍየሏ የት ገባች? ጓሮ ውስጥ በገመድ ታሰረች። ፊቷ ላይ የሚደፋላት የጤፍ ገለባ ነው። የሩመን ነዋሪዎች ሥራቸውን በቅጡ እንዲሠሩ መኖው ቢያንስ 7 ከመቶ ገደማ ፕሮቲን ሊኖረው እንደሚገባ እንማራለን። የጤፍ ገለባ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ፍየሏ ሆዷን ሞልታ ትከሳለች። ባለቤቷ ይህን ስታይ ታዝናለች፤ አዝናም ፉርሽካ ትገዛላታለች፣ ከቤት በቆሎ ትቆነጥርላታለች። «ባለቤቷ» ያልኩት አውቄ ነው። በእኛ አካባቢ ፍየል የምትይዘው በአብዛኛው ሴቷ ናት፤ መሬቷ ጠባብ የሆነ፣ በሬ የሌላት፣ ባሏ የሞተባት። የልጅ ደብተር፣ የመድኃኒት፣ የዕቁብ ገንዘብ የሚወጣው ከፍየል ነው። መኖው ሲበላሽ የሚበላሸው ይህ ሁሉ ነው።

የሙክቱ ነገር

አክስቴ አንድ ሙክት ነበራት። ለፋሲካ ልትሸጠው ሦስት ወር ሙሉ ቀለበችው። ጠዋት ፉርሽካ፣ ማታ የበቆሎ ንፍሮ፣ በመሐል ገለባ። ውኃ የሚቀርብለት ሲታወስ ነው፤ ውኃው ከሩቅ ስለሚቀዳ አይፈረድባትም። ሙክቱ አማረበት፤ ጀርባው ሰፋ፣ ጸጉሩ አንጸባረቀ። ጎረቤት ሁሉ ስንት ታወጣበት ይሆን እያለ ይገምታል። በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ሙክቱ መብላት አቆመ። እግሮቹን ከፍቶ ይወጠራል፣ ያቃስታል፣ ጅራቱን ያወዛውዛል፤ ሽንት ግን የለም፤ ጠብታ ብቻ። ሰው ሆዱ ደርቆበት ነው ብሎ ዘይት አጠጣው። በሁለተኛው ቀን ወደቀ። ሳይሞት ቢታረድም ሥጋው ሽንት ሽንት ስለሚል የሚበላው ጠፋ።

«ቡዳ በላብኝ» አለች አክስቴ። «እስቲ አንተ ተምረሃል፤ ምን ጎደለበት በለኝ? ከልጆቼ አፍ ነጥቄ ነው እኮ ያበላሁት ልጄ!»

የጎደለበት ነገር አልነበረም። የበዛበት ነበር። ፉርሽካና እህል ውስጥ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለፍየል የሚመከረው ግን ተቃራኒው ነው፦ ካልሲየሙ ሁለት፣ ፎስፈረሱ አንድ። ትርፉ ፎስፈረስ በሽንት ሲወጣ፣ ውኃ ካነሰ እንደ አሸዋ ይረጋና ጠጠር ይሆናል። እንስቷ የሽንት ቱቦዋ ሰፊና አጭር ስለሆነ ጠጠሩን ታወጣዋለች። የወንዱ ግን ረጅም፣ ጠባብና የተጠማዘዘ ነው። የተኮላሸው ደግሞ፣ በተለይ በልጅነቱ ከተኮላሸ፣ ቱቦው በሚገባ ሳይሰፋ ይቀራል። ስለዚህ በሽታው የሚመርጠው ሙክቱን ነው፤ ያውም በደንብ የተቀለበውን፣ ያውም ለገበያ በደረሰበት ሳምንት። ጎረቤት ዓይን አረፈበት ብሎ ቢጠረጥር ምን ይገርማል? ዓይን ያረፈበትም ጠጠር የያዘውም የሰባው ነዋ!

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ዘሯ ከምዕራብ አፍሪካ፣ በተለይ ከካሜሩን አካባቢ የሄደ ድንክ ፍየል አለች። አሜሪካኖችና እንግሊዞች ፒግሚ ይሏታል። ቁመቷ ከግማሽ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ እዚያ በአብዛኛው የምትያዘው ለወተት ወይም ለሥጋ ሳይሆን እንደ ውሻና ድመት ለጓደኝነት ነው። ልጆች ዳቦ ያጎርሷታል፤ ባለቤቶቿም እህል በሳህን ያቀርቡላታል። ውጤቱ ምን መሰላችሁ? ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ የእህል ጥጋብ በሽታ፣ የተኮላሹት ላይ ደግሞ ያው የሽንት ጠጠር። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሞቻቸው የሚመክሯቸው ድርቆሽና ቅጠል ዋና ምግብ እንዲሆን፣ እህል ደግሞ ለተኮላሹት እንዲቀነስ ወይም ጭራሽ እንዲቀር ነው። እነዚያ ፍየሎች ድህነት አይደለም ያሳመማቸው፤ ፍቅር ነው። የአክስቴንም ሙክት የገደለው ንፉግነት አይደለም። ከልጅ አፍ ነጥቆ ማብላት ከፍቅር በላይ ምን ይባላል? ዕውቀት ያልታከለበት ፍቅር ግን ሆድ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል።

ታዲያ ምን እናብላ?

ወቀሳ ብቻ ይዤ እንዳልቀር ክፍል ውስጥ የተማርነውን ወደ ጓሮ አውርጄ ልጻፈው።

አንደኛ፦ ቅጠል ይቅደም። ፍየል በቀን ከሰውነት ክብደቷ ከ3 እስከ 4 ከመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ትበላለች። 25 ኪሎ ለምትመዝን ይህ ከ750 ግራም እስከ 1 ኪሎ ነው። እርጥብ ቅጠል ሦስት አራተኛው ገደማ ውኃ ስለሆነ ቅጠል ብቻ ብትበላ ከ3 እስከ 4 ኪሎ እርጥብ ቅጠል ማለት ነው። ሰስባኒያ፣ ደጋ ላይ ትሪ ሉሰርን፣ ቆላና ወይና ደጋ ላይ ሉኪንያና የርግብ አተር፣ ካገር በቀሉ ደግሞ ግራር፣ ወይራ፣ ቁርቁራ፣ ግራዋ መጠቀም ይቻላል። ሁሉንም በአንድ ላይ ማግኘት ባይቻልም ሁለት ሦስቱን ማቀላቀል ይሻላል። ሉኪንያ ከመኖው ከሲሶ ባይበልጥ ጥሩ ነው። የወፍ ቆሎ የምንለው አጥር ላይ የሚበቅለው ባለቀለም አበባ ግን ለጉበት መርዝ ስለሆነ ከቅጠሉ ጋር እንዳይታጨድ።

ሁለተኛ፦ መሬት ላይ አይደፋ። ቅርንጫፉን አስሮ በራሷ ቁመት ልክ መስቀል ነው። እንዲህ ሲሆን አትረግጠውም፣ አታባክነውም፣ ትልም አይነካካውም። ለዚህ ገመድ እንጂ ገንዘብ አያስፈልግም።

ሦስተኛ፦ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎና እህል ተጨማሪ እንጂ ዋና ምግብ አይሁኑ። የኑግ ፋጉሎ ከመቶ 30 ገደማ ፕሮቲን ስላለው ገለባ ለምትበላ ፍየል ትልቅ ረዳት ነው። ግን በአንድ እፍኝ ተጀምሮ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመር። 25 ኪሎ ለሚመዝን የሚደልብ ሙክት በቀን ከ300 እስከ 400 ግራም፣ ጠዋትና ማታ ተከፍሎ፣ ቅጠል ወይም ድርቆሽ ከቀመሰ በኋላ ቢሰጠው ይበቃዋል። የእህል ጆንያም ይታሰር፤ ቤቱም ይዘጋ።

አራተኛ፦ ሙክት ውኃ አይጣ። ንጹሕ ውኃ ቀኑን ሙሉ ቢኖረው ይመረጣል። አሞሌ ጨው የሚልሰው ይቀመጥለት፤ ጨው ውኃ ያስጠጣዋል፤ ውኃው ደግሞ ጠጠሩን ያጥባል። የእነ ሰስባኒያ ዓይነት ቅጠል ካልሲየም ስላለው የፉርሽካውን ፎስፈረስ ያመዛዝናል። ቅጠል በሌለበት ወቅት ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ዱቄት በጥቂቱ ፉርሽካው ላይ መነስነስ ይቻላል። ሙክት ሲሸና ማየት ነውር አይደለም፤ የሚደልብ ሙክት ያለው ሰው በየቀኑ ይይ። ጠብታ ብቻ ከሆነ የዚያኑ ቀን ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ነው እንጂ ዘይት ማጠጣት አይደለም።

አምስተኛ፦ እርጉዟን እንዳንረሳ። ፍየል አምስት ወር ታረግዛለች፤ ግልገሉ አብዛኛውን ዕድገቱን የሚያድገው በመጨረሻዎቹ 50 ቀናት ገደማ ነው። ለዚያ ጊዜ የተሻለውን ቅጠልና ጥቂት ፋጉሎ መቆጠብ ይገባል። ግልገሉ እንደተወለደ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ውስጥ እንገር ይጥባ። የእንገርን ጥቅም ሌላ ምንም ነገር አይተካውም።

ስድስተኛ፦ በእጅና በዓይን እንመርምር። የወገቧን አጥንት በእጅ ዳብሶ መክሳት መወፈሯን ማወቅ ይቻላል፤ ጸጉር ያታልላል፣ እጅ ግን አያታልልም። በጠጧ ክብና ፍሬ ፍሬ ከሆነ ሆዷ ሰላም ነው፤ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ እህል በዝቶባት ይሆናል፤ ትልም ሊሆን ይችላል። ከበላች በኋላ ተኝታ የምታመሰኳ ፍየል ደህና ናት። የማታመሰኳ ፍየል ካየን ነገ ብለን አንለፋት።

«መሬት የት አለና?»

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳነሳ የሚገጥመኝ ክርክር ሁለት ነው። የመጀመሪያው «ጤፍ የሚዘራበት መሬት ያጣ ገበሬ ለፍየል ዛፍ የሚተክልበት ከየት ያመጣል?» የሚል ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔ ግን እርሻውን ለፍየል ይልቀቅ አላልኩም። አጥር አለ፤ ድንበር አለ፤ የእርከን ጫፍ አለ። እርከን ላይ የተተከለ ሰስባኒያ አፈሩን ይይዛል፣ ናይትሮጅን ለመሬቱ ይጨምራል፣ ቅጠሉ ለፍየል፣ እንጨቱ ለማገዶ ይሆናል። የተከለለው ተራራም ቢሆን እንስሳ አይግባበት እንጂ በብዙ ቦታ አጭዶ መውሰድ ተፈቅዷል። ችግሩ የሚታጨደው ሣር ብቻ መሆኑ ነው። ሣሩ ለላም ደረሰ፤ ለፍየልስ? የከለላው መተዳደሪያ ደንብ ሲጻፍ የቁጥቋጦ ቅጠል በምን ወር፣ በምን ያህል መጠን ይመልመል የሚለው ቢጨመርበት፣ ፍየል ያላቸው ሴቶችም ስብሰባው ላይ ቢጠሩ ምን ነበረበት?

ሁለተኛው ክርክር «ፍየል አካባቢ ታጠፋለች፤ ብትቀር ይሻላል» የሚል ነው። ያልተጠበቀችና የተራበች ፍየል ችግኝ እንደምታጠፋ አልክድም። ግን መጥረቢያ ይዛ ዛፍ የቆረጠች ፍየል አላየሁም። ጫካው ከሳሳ በኋላ የቀረውን ቁጥቋጦ ስትቀጥፍ ተገኘችና ጥፋቱ ሁሉ በእሷ ተላከከ። ቅጠሏ ታጭዶ የሚመጣላት ፍየል ችግኝ ጋ አትደርስም። ፍየሏን ማስቀረትም ቢሆን ላም መግዛት የማትችለውን ሴት ምንም አልባ ማስቀረት ነው።

ለትምህርት ክፍላችን

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። እኛ መኖ ስናመጣጥን የምንማረው በአብዛኛው በፋብሪካ መኖ ነው። ይህን ያህል በቆሎ፣ ይህን ያህል ፋጉሎ፣ ይህን ያህል ፉርሽካ እያልን በካልኩሌተር እንደምራለን። ማወቁ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ተመርቀን የምንሄድበት ቀበሌ ውስጥ ያለው ጥያቄ ሌላ ነው። «ፍየሌን አስሬያታለሁ፤ አጥሬ ላይ ይህና ያ ዛፍ አለ፤ የቱን ላብላት?» ነው የሚሉን። ለዚያ የምንመልሰው መልስ ካልያዝን ነገሩ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ይሆናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በኮሌጁ እርሻ አጥር ዙሪያ የመኖ ዛፎችና አገር በቀል ቁጥቋጦዎች እንትከል፤ ችግኙን እኛ ተማሪዎቹ እናፈላለን፤ የሚያስፈልገው ፈቃድ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የተግባር ትምህርታችን አንዱ ክፍል ፍየል ተከትሎ መዋል ይሁን። ምን በላች፣ ከምን ጋር፣ ለስንት ደቂቃ እያልን እንመዝግብ። እረኛ የሆነ የአሥር ዓመት ልጅ የሚያውቀውን የዛፍ ስም ባለዲግሪ የማያውቀው ለምንድን ነው? ሦስተኛ፣ ከበዓል ሦስት ወር በፊት፣ ሰው ሙክት ማሠር በሚጀምርበት ሰሞን፣ ስለ እህል ጥጋብና ስለ ሽንት ጠጠር የሚናገር አንዲት ገጽ ወረቀት በአማርኛ አዘጋጅተን ገበያ ላይ እንበትን። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ በቃል እንንገር፤ ፍየል ተራው እንደሆነ ከግቢያችን ሩቅ አይደለም።

አክስቴ ዘንድሮም ሙክት አሥራለች። አጥሯ ላይ ሰስባኒያ በቅሏል፤ ማታ ማታ እየቆረጠች ከምሰሶው ላይ ትሰቅልለታለች። ስለ ጠጠሩ ስነግራት «ይሁን ልጄ» አለች እንጂ የቡዳውን ነገር የተወችው አይመስለኝም። አንገቱ ላይ ክታብ አስራለታለች። ይሁን፤ ክታቡን አልፈታባትም። ዋናው ነገር ውኃውና ቅጠሉ መኖሩ ነው።

በቀረው ነገር የምትስማሙም የማትስማሙም ካላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉና እንወያይበት። ፍየል መራጭ እንደሆነች ሁሉ እኛም የምናበላትን እንምረጥላት። ቸር ይግጠመን!

(3ኛ ዓመት፣ የእንስሳት ሳይንስ ትምህርት ክፍል)